ለሚጠይቀን መልስ እንጂ ቍጣ አንስጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች፥ ጓደኛችሁ «እግዚአብሔር የለም» ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ብዙዎቻችን እንቈጣለን፤ አለዚያም እንርቀዋለን። ይህ ግን የአባቶቻችን መንገድ አይደለም።

በደጃችን ያለውን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ተመልከቱ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ገዳሙን የጸሎት ብቻ ሳይሆን የትምህርትም ቤት አደረጉት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእርሳቸው ተምረዋል። ደቀ መዝሙር ደግሞ ሳይጠይቅ አይማርም።

በሀገራችን ክህደት በሥልጣን የተሰበከበት ዘመንም ነበር። በደርግ ጊዜ የማርክሲዝም ሌኒኒዝም ትምህርት ሃይማኖትን እንደ ኋላ ቀርነት ቈጠረ፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ተነሥተው በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። እምነት ግን አልጠፋም። በኃይል ያልተነቀለ እምነት በቍጣና በማሸማቀቅም በሰው ልብ አይተከልም።

ስለዚህ የማያምነውን ወንድማችሁን አስቀድማችሁ ስሙት። ያራቀው የፍጥረት ነገር ነውን? የደረሰበት ኀዘን ነውን? ወይስ የእኛ የአማንያኑ ነውር? ለሦስቱ አንድ መልስ የለም፤ ለመጨረሻውማ መልሱ ንስሓችን ነው። የማታውቁትን ሲጠይቃችሁ «መምህራንን ጠይቄ እመለሳለሁ» በሉት፤ ተመለሱም። መስማት ክህደቱን መቀበል አይደለም፤ ሃይማኖታችሁን ሳትሸሽጉ በፍቅር ንገሩት። ቅዱስ ጴጥሮስም ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን ሁሉ መልስ እንድናዘጋጅ ሲያዝ፥ መልሱ በየዋህነት እንዲሆን አሳስቧል (1ኛ ጴጥ. 3፥15)። በክርክር ረትታችሁት ወንድማችሁን ብታጡት ምን ይጠቅማችኋል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።