ሥዕሉ ፊት ቁሙ

«ሐሳብ አልመጣልኝ አለ» የሚል የሥዕል ተማሪ በገጠመኝ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው መጨረሻ የሄደበትን ዐውደ ርዕይ ነው። ብዙዎቹ ስልካቸውን ያሳዩኛል። ስልክን አልኮንንም፤ ቬኒስ የተሰቀለን ሥራ መገናኛ ታክሲ ለሚጠብቅ ልጅ የሚያደርስለት እሱ ነው። ነገር ግን የሥራውን ስፋትና የገጹን ሸካራነት ያስቀርበታል፤ ለተማሪ ደግሞ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚያ ላይ ነው።

የአርቲስት ኤልያስ ስሜን «ታይትሮፕ» የተሰኙ ተከታታይ ሥራዎች ልጥቀስ። በስልክ ሲታዩ ከአየር ላይ የተነሳ ማሳ ወይም የከተማ ካርታ ይመስላሉ፤ በቀለም የተሣሉ ነው የሚመስለው። ቀረብ ሲሉ ግን አረንጓዴውም ቀዩም ቢጫውም የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው፤ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ ተደርድሯል። አንዳንዱ ሥራ ላይ የኪቦርድ ቁልፎችና የማዘርቦርድ ስባሪዎች ይገኛሉ። ግድግዳ የሚሸፍን ሰሌዳ በዚህ ዓይነት ጉንጉን ለመሙላት ስንት እጅ፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሚገባው ፊቱ ቆሞ ያየ ሰው ነው። ቁሳቁሱ በአብዛኛው ከመርካቶ የተሰበሰበ፣ አገልግሎቱን ጨርሶ የተጣለ ነው።

ይህን ያየ ተማሪ ቤቱ ገብቶ ሽቦ መጎንጎን ቢጀምር ግን ብዙም አላተረፈም። ኤልያስ ራሱ ከሽቦው በፊት በክርና በመርፌ፣ በአዝራርና በቆርኪ ሲሠራ ኖሯል። ቁሱ ተቀያየረ እንጂ ሰው የጣለውን ልብ ብሎ የሚያይ ዓይኑና ትዕግሥቱ አልተቀየሩም። ተማሪው ከእሱ የሚወስደው ጥያቄውን ነው፤ እኔ ሰፈር ሁሉም ረግጦት የሚያልፈው፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ነገር ምንድን ነው?

ታደሰ መስፍንም እንዲሁ ናቸው። በአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት ያስተማሩት እኚህ ሠዓሊ የጉልት ሴቶችን ደጋግመው ሥለዋል። ሽንኩርትና ቲማቲም ስንገዛ ቁልቁል የምናያቸው እናቶች በእሳቸው ሸራ ላይ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ቀና ብለን የምናያቸው እኛ እንሆናለን። ከእሳቸው ዐውደ ርዕይ የወጣ ተማሪ በቀጥታ ወደ ጉልት ቢሄድና ደብተሩን ቢያወጣ ደስ ይለኛል።

አንድ ሠዓሊ ብቻ መውደድ ደግሞ ያስቸግራል፤ ወደ መኮረጅ ይወስዳል። በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢናሌ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ፓቪልዮን ስትከፍት የወከላት ተስፋዬ ኡርጌሳ በዚያው በአለ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ኋላም ጀርመን ሽቱትጋርት ገብቶ የተማረ ነው። ሥዕሎቹ ውስጥ የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም የአውሮፓ ኤክስፕሬሽኒዝምም አሉ። ከሁለቱም ቤት የበላ ሰው ነው የራሱን ማዕድ ያቀረበው።

መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም አለ፤ መካኒሳ ላይ በጭቃና በጭድ የተሠራው ዞማ ሙዚየም አለ፤ እዚያ ቤቱ ራሱ ሥራ ነው። የዐውደ ርዕይ መክፈቻ ዕለት ለወሬ እንጂ ለማየት አይመችምና በአዘቦት ቀን ሂዱ። ሃምሳ ሥዕል ከመዞር ሁለት መርጦ እያንዳንዱ ፊት ግማሽ ሰዓት መቆየት ይሻላል። ተማሪውን «የቱን ወደድከው?» አትበሉት፤ «እንዴት የተሠራ ይመስልሃል? መጀመሪያ የተቀባው የቱ ቀለም ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን በእርሳስ ይንደፈው።

የጋለሪ ባለቤቶችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ብዙ ተማሪ ጋለሪ የሚገባው ገዢ ብቻ ይመስለውና ከበር ይመለሳል። «ተማሪዎች ግቡ፣ በነፃ ነው» የሚል ጽሑፍ በአማርኛ ደጃችሁ ላይ ለጥፉ፤ ወለል ላይ ተቀምጦ የሚነድፍ ልጅ ስታዩም አታስነሱት።