ሣሙና የማይወደው ውሃችን

የጉባ ስም በተነሣ ቁጥር የሰው ሐሳብ ወዲያው ወደ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይሄዳል። እውነትም በ2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ የሚገኘው በወረዳችን ነው። እኔ ግን ላነሣ የፈለግሁት ስለዚያ ታላቅ ውሃ ሳይሆን እናቶቻችንና እኅቶቻችን በጀሪካን ስለሚሸከሙት ውሃ ነው።

በሰፈራችን አንድ የእጅ ፓምፕ አለ። ውሃው እንደ መስተዋት የጠራ ነው፤ ሆኖም ልብስ ሲታጠብበት ሣሙናው አረፋ በመስጠት ፈንታ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ በሳፋው ዳር ይለጠፋል። ባቄላ ቢቀቀልበት እንጨቱ ያልቃል እንጂ ባቄላው ቶሎ አይበስልም። የሻይ ማንቆርቆሪያውም ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይይዛል። ይህን ያዩ አንዲት ጎረቤታችን «ብረት ላይ ድንጋይ የሚያበቅል ውሃ ሆድ ውስጥ ምን ያበቅል ይሆን?» ብለው ከወንዝ መቅዳት ጀመሩ። እኛም ቤት ተከተልናቸው። ወር ሳይሞላ ታናሽ ወንድሜ በተቅማጥ ታሞ ሁለት ሳምንት ከትምህርቱ ቀረ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

ለመሆኑ ድንጋዩ ከየት መጣ? የማንኩሽ አካባቢ በእብነ በረድ የታወቀ ነው። እብነ በረድና የኖራ ድንጋይ ደግሞ በጠባያቸው አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ካልሲየም ካርቦኔት ናቸውና። የዝናብ ውሃ በአየርና በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ውሃ በእንዲህ ያለ ድንጋይ መካከል ሲሰርግ ጥቂት በጥቂት እያሟሟ ይወስደዋል። ሊቃውንቱ ጠንካራ ውሃ የሚሉት ይህን ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበትን ነው። በተፈላ ጊዜ ጋዙ ይወጣና የሟሟው ድንጋይ ተመልሶ ይዘቅጣል። የማንቆርቆሪያው ቅርፊት ከዚህ ሌላ ምሥጢር የለውም፤ በሎሚ ጭማቂ ወይም በአቼቶ ቢዘፈዘፍ ይለቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት ስለ መጠጥ ውሃ ባወጣው መመሪያ ለውሃ ጥንካሬ በጤና ምክንያት የቆረጠው ወሰን የለም። ወንዙ ግን ከብት የሚረግጠው፣ ጎርፍም የየሜዳውን እዳሪ የሚያወርድበት ነው። ቅርፊቱ በዓይን ይታያል፤ ተሐዋስያን ግን አይታዩም። እኛም የሚታየውን ፈርተን የማይታየውን ጠጣን።

ስለዚህ እኔ እንደሚመስለኝ ፓምፑን ከመተው ይልቅ ውሃችንን በሁለት ብንከፍለው ይሻላል። የሚጠጣው ከፓምፑ ይሁን። ለልብስ በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ ማጠራቀም ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ አጥቦ ስለሚወርድ ይደፋ። ባቄላም ሌሊቱን በዝናብ ውሃ ተዘፍዝፎ በዚያው ቢቀቀል ፈጥኖ ይበስላል። በጋ ሲሆንስ? አንዳንዶች አፍልቶ ማዝቀጥን ይመክራሉ፤ እኔ ግን ለልብስ ሲባል እንጨት መፍጀቱን አልደግፍም፤ ደግሞም በማፍላት የማይለቅ ጥንካሬ አለ። የማጠቢያ ሶዳ ከተገኘ ሣሙናው ሳይገባ በፊት በውሃው ውስጥ ይሟሟ። ከሌለ የምድጃችን አመድ አለልን፦ ሌሊቱን በውሃ ዘፍዝፎ፣ ጠዋት የጠለለውን ብቻ ወደ ማጠቢያው ውሃ ጨምሮ፣ ነጩ እስኪዘቅጥ መጠበቅ ነው። የአመድ ውሃ ቆዳን ይቆጠቁጣልና በመጠኑ ይሁን፤ ከመጠጥ ውሃም ይራቅ። እናቴ መጀመሪያ ስነግራት ሳቀችብኝ። አሁን ግን ለአንድ እጥበት የማይበቃት የነበረው ሣሙና ይተርፋታል።

የሳይንስ ክበባችን ደግሞ አንድ ሥራ ቢሠራ ደስ ይለኛል። ከየፓምፑ እኩል ውሃ በእኩል ጠርሙስ ቀድቶ፣ የሟሟ ሣሙና በጠብታ እየቆጠረ ጨምሮ፣ አረፋው ሳይጠፋ እስኪቆይ ድረስ ይነቅንቀው። ብዙ ጠብታ የፈጀው ጠንካራው ነው። ውጤቱም በጉሙዝኛና በአማርኛ ተጽፎ በየፓምፑ አጠገብ ይለጠፍ። ጎረቤታችን ማንበብ ባይችሉም ልጃቸው ስምንተኛ ክፍል ስለሆነች ታነብላቸዋለች።