ባዶ እግር ማስረጃ አይሆንም

ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ለሚሮጥ ወጣት፣ በጫማ ውስጥ የሚነጠፍ ደጋፊ ሶል ከንቱ ቅንጦት ነው፤ ሻምበል አበበ ቢቂላ ሮማ ላይ ድል የነሣው በባዶ እግሩ ነውና የሚል ፍርድ ታትሞ አነበብሁ። ጸሐፊው ግን ታሪኩን ከእኩሌታው ላይ ቈርጦታል፤ ያው ጀግና በ1960 እ.ኤ.አ. በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የፈጸመውን ማራቶን፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ ተጫምቶ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ፈጽሞታልና። ያፈጠነው ጫማው ነው አልልም፤ ባዶ እግር የድል ምሥጢር ነው የሚለው ሐተታ ግን በዚሁ ይፈርሳል።

ዳገቱ ልብን ቢፈትን፣ ጉልበትንና ተረከዝን የሚፈትነው ቁልቁለቱ ነው። ስለዚህ የሚመረጠው ሶል፣ ጣት ሲጫነው እንደ ጥጥ የሚሰምጠው ሳይሆን፣ ተረከዝን እንደ ጽዋ አቅፎ፣ የውስጥ እግርን ጕድባ ደግፎ፣ የምድሩን ምት የሚያበርደው ነው፤ ልስላሴ ብቻውን ድጋፍ አይደለምና። ገዢውም የቀድሞውን አውጥቶ በስፍራው ይተካ፤ ቢደርበው ጫማው ይጠባል፣ ተረከዙም ይነሣል።

ሻምበል አበበን እናክብር፤ ቸልተኝነታችንን ግን በስሙ አናጥምቅ።