መልእክተኛው ሕመም

በኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ በተባለው ሠፈር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 የተመሠረተው አለርት ሆስፒታልና በ1970 የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ጎን ለጎን ቆመው ይገኛሉ። ሁለቱም የተተከሉት የሥጋ ደዌን ሕሙማን ለመፈወስና የደዌውን ጠባይ ለመመርመር ቢሆንም፣ የሰው አካል በምን ጸንቶ እንደሚኖር ለመረዳት የሚሻ ሁሉ ከዚያ ብዙ ይማራል።

ከአንዲት ሕዋስ ተነሥቶ ከ30 ትሪሊዮን ወደማያንሱ ሕዋሳት የሚበዛው ሥጋችን ማኅበሩ የቆመው በመሥዋዕትነት ነው፤ ቀይ የደም ሕዋስ ኦክስጅን ለመሸከም ስትል ኒውክለሷን ሳይቀር ታወጣለች፤ በቆዳችን ገጽ ያሉትም ሞተው ለሕያዋኑ መከለያ ይሆናሉ። እንዲህ ብቻውን የመኖር ሥልጣኑን የተወ ብልት ሊጠበቅ የሚችለው መከራው ለሌሎቹ ሲነገርለት ነውና፣ ይህን መልእክት የሚያደርሰው ነርቭ የአንድነታችን ማሠሪያ ነው።

ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1873 ያገኘው የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ግን አንዲት ሕዋስ ብቻ፣ ለመከፈል ሁለት ሳምንት ያህል የምትፈጅ፣ በሰው ሠራሽ ምግብ ልትራባ ያልቻለች ደካማ ፍጥረት ናት። ሆኖም ቀዝቀዝ በሚሉት የአካል ክፍሎች፣ በእጅ፣ በእግርና በፊት፣ ነርቭን ከሚያቅፉት ሕዋሳት ውስጥ ገብታ ትሰወራለች። ነርቩም ሲጎዳ ሕመም ይጠፋል፤ እሳት የነካው እጅ ሳይሸሽ ይቃጠላል፣ እሾህ የወጋው እግር ሳያነክስ ይራመዳል፣ ቁስሉም እያመረቀዘ እስከ አጥንት ይዘልቃል። ጣትን የሚያሳጣው እንግዲህ በአብዛኛው ባክቴሪያዋ ራሷ ሳትሆን የሕመም ዝምታ ነው።

ከዚህ የከፋው ደግሞ የእኛ የሰዎች ዝምታ ነው። ከየአገሩ ለሕክምና የመጡ ብዙዎች፣ መገለል ወደ ቀያቸው እንዳይመለሱ ከልክሏቸው፣ ከሆስፒታሉ አጠገብ መንደር መሥርተው ቀርተዋል። ዛሬ በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት፣ ያለ ዋጋ፣ የሚድን ደዌ፣ ሕክምናው ከተጀመረ በኋላም ወዲያው መተላለፉን የሚያቆም ደዌ፣ ሰውን ከማኅበር የሚያስወጣበት አንዳች ምክንያት የለም። ቆዳው ነጥቶ ወይም ቀልቶ፣ ሲነካም የማይሰማው ሰው ቢኖር ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ስሜት የጠፋባቸው ሕሙማን እጅና እግራቸውን በየዕለቱ በዐይናቸው እንዲመረምሩ ይማራሉ፤ ነርቭ የነፈጋቸውን በትጋት ያገኙታል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ብዙ ብልቶች አንድነት የጻፈውን የምናምን እኛም፣ የባልንጀራችንን ሕመም የሚያደርስልን ነርቭ በመካከላችን ስላልተዘረጋ፣ ሄደን መጠየቅ፣ ቀርበን ማየት፣ አይቶም አለማለፍ የማይታጠፍ ግዴታችን ነው።