ፎቶው ከመሮጡ በፊት ስሙ ይጻፍ



ዛሬ ዛሬ ሠርግም ሆነ ሙት ዓመት ሲደርስ ልጆቻችን የቤቱን ፎቶግራፎች በስልክ ሰብስበው፣ በካፕከት አቀናብረውና ሙዚቃ ጨምረው ቪዲዮ ያደርጓቸዋል። ሥራው ያስመሰግናል። ነገር ግን ፎቶው ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ አንዳንዱማ የሟችን ምስል እንደ እንዝርት ያሽከረክረዋል። «እኚህ ደግሞ ማን ናቸው?» ብለን ሳንጠይቅ ያልቃል።

ከግጭ የተነሡትን ጎረቤቶቻችንን እናስብ። በ2008 ዓ.ም. ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወጥተው ደባርቅ ሰፈሩ። ከዚያ ወዲህ እዚህ የተወለደ ልጅ የአባቱን የግጭ ቤት የሚያውቀው በፎቶ ነው። ቱሪስት ያነሣው ዋልያና ጭላዳማ ሞልቷል፤ የሰዉን ስም የሚያውቁት ግን ሽማግሌዎቻችን ናቸው፤ እነሱም እያለፉ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ላሳስብ እወዳለሁ፦

1ኛ. ፎቶው ሳይቀናበር ለአዛውንት ይታይ፤ ስሙ፣ ቦታውና ዘመኑ ከሥሩ ይጻፍ።

2ኛ. እያንዳንዱ ፎቶ ቢያንስ 5 ሰከንድ ይቆይ፤ ርዝመቱን ፕሮግራሙ ላይ ማስተካከል ይቻላል።

3ኛ. ቪዲዮው አለ ተብሎ ዋናው ፎቶ አይጣል። በቴሌግራም ሲላክም በፋይል መልክ ይላክ፤ አለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል።

ልጆች፣ ሙዚቃውን ኋላ ትመርጣላችሁ። መጀመሪያ ፎቶውን ይዛችሁ አያቶቻችሁ ዘንድ ቁጭ በሉ።