የዛፍ ሽበት ሲናገር ባለሥልጣን ለምን ዝም ይላል?

መቼም አዲስ አበቤ ስለ ጭስ ነጋሪ አያሻውም። ሜክሲኮ አደባባይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ለታክሲ የተሰለፈ ሰው አፍንጫውን በነጠላ ወይም በመዳፉ ሸፍኖ ነው የሚቆመው። እኔም ከተሰላፊዎቹ አንዱ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ታዲያ ቢቸግረኝ "የምንስበው አየር ምን ያህል ቆሽሿል? የተለካ ነገር ካለ አሳዩኝ" ብዬ አንድ የመንግሥት ቢሮ ሄድኩ። ከክፍል ክፍል ሲያመላልሱኝ ቆይተው በመጨረሻ "ደብዳቤ አምጣ" አሉኝ። የማን ደብዳቤ? እኔ እንደሆንኩ የማንም ተቀጣሪ አይደለሁም። ራሴ ለራሴ ልጻፍ እንዴ!?

እንግዲያው ደብዳቤ የማይጠይቅ ምስክር መኖሩን ላጫውታችሁ።

በክረምት ድንጋይ አጥርና ዛፍ ግንድ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚለጠፈውን ሽበት ታውቁታላችሁ። (ጢም መስሎ የሚንጠለጠለውን ሳይሆን አረንጓዴውን ነው የምላችሁ።) ይህ ጉደኛ እንደ ሌላው ተክል ከአፈር የሚመገብበት ሥር የለውም። የሚኖረው ዝናብና አቧራ ባመጣለት ነው። ስለዚህ ከአየር የወረደውን ሁሉ፣ እርሳሱንም፣ ካድሚየሙንም፣ ከመኪና ጭስና ከከብት እዳሪ የሚነሳውን ናይትሮጅንም በገላው ያጠራቅማል። ስዊድኖች ይህን የነቁበት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ነው። ከ1990 ወዲህ ብዙ የአውሮፓ አገሮች በየአምስት ዓመቱ እየለቀሙ ይመረምሩታል።

እኔን ያስገረመኝ ግን የአሜሪካኑ ነው። በኦሪገን ግዛት፣ ፖርትላንድ ከተማ፣ የደን መሥሪያ ቤቱ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከከተማው ዛፎች 346 ናሙና ቆነጠሩ። ውጤቱን ካርታ ላይ ሲያሰፍሩት ካድሚየሙ ሁለት ቦታ ተከምሮ ተገኘ። ቦታዎቹ ባለቀለም መስታወት የሚሠሩ ፋብሪካዎች አጠገብ ናቸው። በኦክቶበር 2015 ከአንዱ ፋብሪካ አጠገብ መለኪያ መሣሪያ ተተከለ። ካድሚየሙ ግዛቱ ራሱ ካወጣው የጤና መለኪያ 49 እጥፍ፣ አርሴኒኩ 159 እጥፍ ሆኖ ቁጭ አለ! እዚያው ሰፈር የሕፃናት ማቆያ ነበር።

ልብ በሉ! የግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የሽበቱን ወሬ ከሜይ 2015 ጀምሮ ያውቅ ነበር። ሕዝቡ የሰማው በፌብሩዋሪ 2016 ነው። ያውም ቀድሞ የነገረው መንግሥት አይደለም፤ የከተማው ሳምንታዊ ጋዜጣ ነው። ቀዳዳው የነበረው ሕጉ ላይ ነው። ወላጆች ጮኹ፣ ስብሰባ ሞላ፣ ግዛቱም በ2018 የሰውን ጤና መነሻ ያደረገ አዲስ ደንብ አወጣ። ማን አወጣው ትሉኛላችሁ? እኔ ግማሹን ለሽበቱ፣ ግማሹን ለጋዜጣው እሰጣለሁ።

ወደ እኛ እንምጣ። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአዲስ አበባን አየር ሁኔታ በየሰዓቱ ለሕዝብ ይነግር የነበረው የአሜሪካ ኤምባሲ መሣሪያ ነው። በማርች 2025 መረጃውን ማሰራጨቱ ቆመ። የገዛ ሳንባችንን ወሬ ከሰው ኤምባሲ ስንሰማ ኖረን እሱም ቀረ ማለት ነው።

ሽበት እዚህ ልክ እንደ ፖርትላንድ ይሠራል ብዬ አልምልም። የእኛ በጋ ረጅም ነው፤ ይደርቃል። ናይትሮጅን ሲበዛበት ደግሞ ጠግቦ መቁጠሩን ይተዋል። በአየሩ ውስጥ መርዙ ስንት እንደሆነ መሣሪያ ነው የሚናገረው። መሣሪያው የት ይተከል ለሚለው ግን ሽበት መንገድ ያሳያል። ለመልቀም የሚያስፈልገው ጥቂት ተማሪ፣ ከረጢትና መሰላል ነው፤ የቤተ ሙከራው ወጪም ቢሆን በየሰፈሩ መሣሪያ ከመትከል ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ "በጀት የለም" የምትለዋን መልስ ከወዲሁ አልቀበልም።

አቃቂና ቃሊቲ ፋብሪካ ሥር የሚያድሩ ሕፃናት አሉ። የእነሱን ሰፈር ማን ለካ? ለክቶስ ለእናቶቻቸው ነገረ?

ቢሮው "ደብዳቤውን ይዘህ ሰኞ ተመለስ" ብሎኛል። እሄዳለሁ፤ ይቺን ጋዜጣ ይዤ።