በደም ውስጥ ያለውን የነቀርሳ ምልክት በብረት ትቢያ ስለ መልቀም

ከዘመዶቻችን አንድ ሽማግሌ በቅርቡ የደም ምርመራ ወረቀት ይዘው መጡና ቁጥሩ 6 ስለ ሆነ ነቀርሳ እንደ ያዛቸው ነግረውን፥ ኑዛዜያቸውን እንድንጽፍላቸው ለመኑን። እንዲህ ያለው ድንጋጤ በብዙ ቤት የሚገባ ስለ ሆነ፥ ቁጥሩ ከምን እንደሚገኝና ሊቃውንት አሁን በምን ጥበብ ሊለኩት እንደሚደክሙ ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ ወደድን።

ፕሮስቴት የተባለው የወንዶች ዕጢ ፒ ኤስ ኤ የሚሉትን ፕሮቲን ያመነጫል፤ ከዚህም ጥቂቱ ወደ ደም ይገባል። ሐኪሞች ለብዙ ጊዜ እንደ ወሰን የያዙት በአንድ ሚሊ ሊትር 4 ናኖግራም ነው። ናኖግራም የግራም ቢሊዮንኛ እጅ ናትና፥ ነገሩ ከአንድ ኩንታል ጤፍ ውስጥ አንዲት ፍሬ ለይቶ እንደ ማውጣት ያህል ነው።

ይህችን ፍሬ ለመልቀም ከብረት ኦክሳይድ የተሠራ፥ በዓይን የማይታይ እጅግ ደቃቅ ትቢያ ይዘጋጃል፤ በላዩም ያንን ፕሮቲን ብቻ ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ይለብሳል። ትቢያው ከደሙ ጋራ ከተቀላቀለ በኋላ ከዕቃው ጐን ማግኔት ሲቀርብ ምርኮውን እንደ ያዘ ይሰበሰባል፤ የቀረውም ታጥቦ ይወገዳል። እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን፥ ማግኔቱ ሲርቅ ትቢያው የመሳሳብ ጠባዩን ወዲያው መተዉ ነው፤ እንዲህ ባይሆን ኖሮ እንደ ጓል ተያይዞ በቀረ ነበር። ቀጥሎም ኤንዚም የተሸከመ ሁለተኛ አንቲቦዲ ይጨመራል፤ ኤንዚሙም በሚያመጣው ለውጥ በኤሌክትሮዱ ላይ የኤሌክትሪክ ጅረት ይነሣል፤ ፕሮቲኑ በበዛ መጠን ጅረቱም ይበዛል።

ኤንዚምን ከኤሌክትሮድ ጋራ የማጋጠሙን ሐሳብ አሜሪካዊው ሊላንድ ክላርክ በ1962 እ.ኤ.አ. ገልጦት ነበር፤ የስኳር ሕመምተኞች በየቤታቸው ጣታቸውን ወግተው የሚለኩበት ትንሽ መሣሪያ ከዚሁ የመጣ ነው። ለነቀርሳ ምልክት የሚሆነው ግን እስካሁን አብዛኛው ከምርምር ቤት አልወጣም።

መሣሪያው የቱን ያህል ቢረቅ ፕሮቲኑ ራሱ የነቀርሳ ብቻ አይደለም፤ ዕጢው በዕድሜ ሲገዝፍ ወይም ሲቆጣም ይጨምራል። ደግሞም ወሰኑን ያላለፈ ሁሉ ነጻ ነው አይባልም፤ በ2004 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመ ጥናት ቁጥራቸው ከ4 ያልበለጠ 2,950 ወንዶች ተመርምረው ከመቶው 15 ያህሉ ነቀርሳ ተገኝቶባቸዋል።

ሽማግሌውንም ይህን አስረድተን ወደ ሐኪማቸው መለስናቸው። ሐኪሙ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደማቸውን ደግሞ አስመረመረ፤ በማግኔት የሚነሣውንም ሥዕል አስነሣ። ዕጢያቸው በዕድሜ የገዘፈ ሆኖ ተገኘ እንጂ የሚያሳስብ ነገር አልታየበትም። ኑዛዜው ግን አንድ ጊዜ ስለ ተጀመረ ተጽፎ አለቀ።